የበሩ ፊልም

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «አንደበት» ነበር የሚለው። እንዲህ ብለው የሰየሙት ቤት ውስጥ አይተውት ስለማያውቁ ነው። ቤት ሲገባ ምላሱን ከኮቱ ጋር ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የሚቀመጥ ነበር የሚመስለው። ምግቡ ጨው ካነሰው ሳህኑን ወደኔ ገፋ ያደርጋል፤ ጨው አቀብለዋለሁ። ከበዛበትም ያንኑ ገፋ ማድረግ ነው፤ የቱ እንደሆነ ቀምሼ ማወቅ የኔ ፈንታ ነው። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ የወደድኩት ሲኒማ ቤት ውስጥ የሰማሁትን ሰውዬ ነበር፣ ያገባኝ ግን ሌላ ነው» ትለኝ ነበር። ትቀልዳለች ብዬ እስቅ ነበር።

ሲኒማ ቤታችን የመንግሥትም የኩባንያም አልነበረም። አንድ የሰፈራችን አናጢ የጣውላ መጋዘኑን ለሁለት ከፍሎ በአንደኛው ወገን ጣውላ እየሸጠ በሌላኛው ፊልም ያሳይ ነበር። ወንበሮቹን ሁሉ በገዛ እጁ ስለሠራቸው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም፤ አንዳንዱ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሰፈርተኛውም ለየወገቡ የሚስማማውን ያውቃል። አዳራሹ መሀል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ወፍራም ምሶሶ ነበር። ከምሶሶው ጀርባ የተቀመጠ ሰው ከሸራው ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ እዚያ የሚቀመጡት ፊልም ሊያዩ ያልመጡ ጥንዶች ነበሩ። ትኬት ሻጯ እኔ ነበርኩ። አፍረው አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ሳልጠይቃቸው «ምሶሶ ጀርባ፣ ሁለት» ብዬ እቆርጥላቸዋለሁ። በዚያች ጠባብ መስኮት ከአንገቴ በላይ ብቻ ስለምታይ ስሜ «መስኮት» ሆኖ ቀረ። መንገድ ላይ ድንገት የሚያገኙኝ ሰዎች እግር እንዳለኝ አይተው የሚገረሙ ይመስለኝ ነበር።

ፊልሞቹ የሚመጡት በባዕድ ቋንቋ ነው። ከሥር የሚጻፈው ጽሑፍም ባዕድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ «ምን አለ? ምን አለችው?» እያለ ሲጮህ፣ ያኔ መጋዘኑ ውስጥ ጣውላ ይሰነጥቅ የነበረው ወንድሜ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ ይመልስላቸው ጀመር። ቋንቋውን አንዲት ቃል አያውቅም። ፊደልም አልቆጠረም። የሰዎቹን ፊትና እጅ እያየ ከራሱ ነበር የሚያወጣው። አናጢው ብልጥ ሰው ነበርና ወዲያው ከሸራው ጎን ከፍ ያለ ወንበር ሠራለት፣ ማይክራፎን ሰጠው፤ ወንድሜም የሲኒማ ቤቱ ነጋሪ ሆነ። እሱ ሲናገር ፊልም አጫዋቹ ከላይ ከክፍሉ ሆኖ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርግለታል።

አቤት ሲናገር! እዚያ ወንበር ላይ የወጣው ሰውዬ ወንድሜ ነው ብሎ ማን ያምናል? እንደ ሴት ያለቅሳል፣ እንደ ወታደር ያዛል፣ ፈረስ እንኳ ሲያነክስ የፈረሱን ብሶት ይናገርለታል። ሰፈርተኛውም ቀስ እያለ ጉዳዩን ያመጣለት ጀመር። ጫማ ሰፊው የልብስ ሰፊውን መሰላል ተውሶ አልመልስ ብሎት ተኳርፈው ነበር። በዚያ ሳምንት በታየው ፊልም ሽፍታው ሽጉጡን ደቅኖ፣ ከመተኮሱ በፊት፣ «የጎረቤቱን መሰላል ተውሶ ያልመለሰ ሰው አሟሟቱ እንዲህ ነው!» አለ። በነጋታው ጠዋት መሰላሉ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ቆሞ ተገኘ።

ከሁሉ የተወደደው ግን የበሩ ፊልም ነው። የፊልሙ ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በዚህ ነው። አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከአባቷ ቤት ልትወጣ ስትል አባትየው በሩ ላይ ይቆማል፣ እጁን ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ ይናገራል። ወንድሜ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ከወንበሩ ተነሥቶ እሱም እጁን ይዘረጋና፣ «ውጪ! ከበሩ ውጭ አባት የለሽም፤ ከበሩ ውስጥ ልጅ የለኝም!» ይላል። መጀመሪያ የሰማን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። ፊልሙ በየዓመቱ ተመልሶ ሲታይ ግን ሕዝቡ ቃሉን ለመደው፤ አብሮት ማለት ጀመረ። በኋላማ ያቺ ቦታ ስትደርስ ሽማግሌውም ሕፃኑም ብድግ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እኩል መጮህ ሆነ። ብርጭቆ የሰበረ ልጅም፣ አርፍዶ የመጣ ሠራተኛም ይቺኑ ነበር የሚባለው። ሰካራሙ ጎረቤታችን ለውሻው ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ከቁብም ሳይቆጥረው ገብቶ ተኛ።

ወንድሜ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሚጡ እንላታለን። እናቷ የሞተችው ገና ስትድህ ነው፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትኬት ስሸጥ እግሬ ሥር በካርቶን ውስጥ አስተኛት ነበር። ከፍ ስትል ደግሞ ከአባቷ ወንበር ሥር ቁጭ ብላ፣ ሸራውን ትታ ወደ ላይ እሱን እያየች ታመሻለች። ድምፁን የምታገኘው እዚያ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ «አባዬ፣ አውራኛ» ስትለው ፀጉሯን ያሻሽላታል እንጂ ቃል አይወጣውም። እንደሚወዳት እኔ አውቃለሁ። ተኝታ እያለ ጫማዋን ወልውሎ ደጃፍ ላይ ሲያስቀምጥላት አየው ነበር። ልጅ ግን ጫማ ተወለወለልኝ ብላ አባቴ ይወደኛል አትልም፤ መስማት ትፈልጋለች።

ሚጡ ጎበዝ ተማሪ ወጣት። ያንን የፊልሙን ቋንቋ ትምህርት ቤት ተማረችው፤ ከአስተማሪዎቿ በላይ አወቀችው ተባለ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ለሚመጣው ሁሉ ከትኬቱ ጋር አወራለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የበሩ ፊልም ይታያል። ሕዝቡ ተነሥቶ፣ ጮኾ፣ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በምትመጣው ጸጥታ ውስጥ ሚጡ ከወንበሩ ሥር ብድግ አለችና እየሳቀች፣ «አባዬ፣ እንደሱ አይደለም እኮ የሚላት! በሩ ክፍት ነው፣ ስትፈልጊ ተመለሺ ነው የሚላት!» አለችው። ደስ ብሏት ነበር። ስጦታ ያመጣችለት ነበር የመሰላት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ፣ «አንደበት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ስትቀድልን ነው የኖርከው በለኛ!» አለ።

ወንድሜ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ነገረ። ቤት ስንደርስ ግን ቀድሞን ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። እጁን ዘረጋ። «ውጪ! ከበሩ ውጭ አባት የለሽም፤ ከበሩ ውስጥ ልጅ የለኝም!» አላት፣ በዚያ በሙሉ ድምፁ። ቤታችን ውስጥ ያንን ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሚጡ ቆማ ጠበቀች። አሁን ይስቃል ብላ ነው። አልሳቀም። ቦርሳዋን አንሥታ ጓደኛዋ ቤት ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እውነት ነው።

ለምን እንዳልተከተላት ታውቃላችሁ? በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ መጨረሻ ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ወንድሜ የሚጠብቀው ያንን ነበር። በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ሳገኘው «ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ትመጣለች» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው የፊልሙን መጨረሻ ነገረኝ። ሰው እንዴት የራሱን ፈጠራ ያምናል? በጥፊ ልለው ዳድቶኝ ነበር፤ ታላቄ ሆነና ተውኩት።

ሚጡ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነች። ሥራዋ ሰው ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ማስተላለፍ ነው፤ ምላበታለች። ከከተማው ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እኔ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ ባዶ እጄን ግን አልሄድም። «አባትሽ ሰላም በያት ብሎኛል» እላታለሁ፤ አላለም። «አባትሽ በሕልሙ አይቶሽ» እላታለሁ፤ ቢያይስ መች ይናገራል? አንድ ጊዜ ቆንጆ ሻርፕ ገዝቼ «እሱ ነው የመረጠልሽ» አልኳት። ሻርፑን አገላበጠችውና፣ «አክስቴ፣ አባዬ በዕድሜው ሱቅ ገብቶ ያውቃል?» አለችኝ። «ከዛሬ ወዲያ የአባዬን ቃል ካንቺ አልቀበልም» አለች። «የሚለኝ ካለው ራሱ፣ በገዛ አፉ ይንገረኝ።» ተቆጥታ አይደለም ያለችው፤ ደክሟት ነው። ሻርፑን ግን ወሰደችው። አስታራቂ ካልዋሸ ማን ሊዋሽ ነው? ዛሬም አይቆጨኝም።

ወደ አባትየውም እንዲሁ ነበርኩ። «ሚጡ ናፍቃሃለች» እለዋለሁ፤ አይቶኝ ራሱን ይነቀንቃል። እሱም አያምነኝም ነበር ለካ።

ዘመኑ ተለወጠ። ሰው በየቤቱና በየኪሱ ፊልም ማየት ጀመረ። ነጋሪ የሚፈልግ ጠፍቶ ወንድሜ ወደ ጣውላው ተመለሰ፤ ለበሩ ፊልም ብቻ በዓመት አንዴ ወንበሩ ላይ ይወጣል። አናጢው ሞተ። ልጆቹ ትንሽ ታገሉና ቦታውን ሸጡት፤ ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ሆነ። አልወቅሳቸውም፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ምሶሶውን ምስጥ ጨርሶታል፣ አንዳንድ ቀን ከነፊልም አጫዋቹ ሰባት ስምንት ሆነን ነበር የምንመለከተው።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ድምፅ ሻከረ። የእንጨት ብናኝ ነው ብለን ችላ አልነው። ሐኪሟ ግን ፎቶውን መብራት ላይ አድርጋ ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን አሳየችን። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል እንዳለ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በአንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል አለች። «መናገርስ?» አልኳት። ድምፅ አይኖረውም አለችኝ። ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ነው። ሲኒማ ቤቱ የመጨረሻውን ፊልም የሚያሳየው ደግሞ እሑድ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ወንድሜ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«እሑድ የበሩን ፊልም እነግራለሁ።»

«ድምፅህን አታድክም ብላሃለች እኮ፣ ጋሼ።»

«ሚጡን ጥሪያት። የምነግራት አለኝ።»

ልቤ ዘለለች። «ታዲያ ፊልሙ ምን ያደርጋል? እዚህ ወርደን አውቶቡስ እንቀይርና አሁኑኑ እንሂድ። በሯን አንኳኩተህ ንገራት!»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔ ያለ ሸራ አልችልም» አለ። «አፌ አይታዘዘኝም። አንቺ እንኳ ታውቂያለሽ።»

«ምን ልትላት ነው?»

«እሷ ያለችውን ነዋ። ሰውየው የሚለውን። በሩ ክፍት ነው።»

እኔ ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት በልቡ ይዞት መኖሩን አላወቅኩም ነበር።

ሚጡ በሯን ከፍታ ስታየኝ ገና ሳልቀመጥ፣ «አባትሽ የሚነግርሽ አለው» አልኳት።

«እሱ ነው ያለው ወይስ አንቺ?»

«እሱ ነው።»

«ሻርፕም ልኳል?» አለች። ስቃ ሳትጨርስ ዓይኗ ሞላ። በሽታውን ነገርኳት፣ ሰኞን ነገርኳት፣ እሑድ ነይ እንዳላት ነገርኳት። ምን እንደሚላት ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሣች። «አትንገሪኝ፣ አክስቴ። በናትሽ። ከሱ አፍ ልስማው። አሥር ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሳስተላልፍ ኖሬያለሁ፤ የራሴን እንኳ አስተርጓሚ ሳይገባበት ልስማ።»

ቃል ገባሁላት። ቤቴ ስደርስ ከንፈሬ እያሳከከኝ ነበር፤ ግን ቻልኩት።

እሑድ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ከሰፈሩ የለቀቁ ሁሉ መጡ። ድሮ ምሶሶ ጀርባ ትኬት የቆረጥኩላቸው ጥንዶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ ሰው አግብተው። ትኬቱ አልቆ ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሚጡ ስትገባ ሻርፑን አድርጋ ነበር። ባዶ ቦታ የቀረው ከምሶሶው ጀርባ ብቻ ነበርና እዚያ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ ላስለቅቅላት ስል፣ «ተዪው፣ እኔ ላየው አይደለም፣ ልሰማው ነው የመጣሁት» አለችኝ። ወንድሜ ከከፍታው ወንበር ሆኖ ስትገባ አያት። ጉሮሮው ሲደርቅበት እንዳቀብለው ውሃ ይዤ ከወንበሩ ሥር ተቀመጥኩ።

መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። ድምፁ እንደ አሸዋ ይሻክር ነበር፤ ሕዝቡም ቃል እንዳያመልጠው ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ አሥር ሰው ዞሮ «እሽ!» አለው። እሰይ፣ ዛሬ ጥሩ ይሰማሉ፣ አልኩ በልቤ። ሁለታችንም ያልታየን ነገር ነበር። ሰው አብሮት የኖረውን ነገር አያየውም።

ልጅቱ ሻንጣዋን አነሣች። አባትየው በሩ ላይ ቆመ። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሣ፣ እጁን ዘረጋ። አዳራሹም አብሮት ብድግ አለ።

«ሚጡዬ» ሲል ሰማሁት፤ ራሴ እግሩ ሥር ነበር። «ያልሽው ልክ ነበር። በሩ ክፍት ነው። አንድ ቀን ዘግቼው አላውቅም። ተመለሺ።»

እሱ ይህን ሲል ሕዝቡ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ በአንድ ድምፅ «ውጪ!» አለ። «ከበሩ ውጭ አባት የለሽም፤ ከበሩ ውስጥ ልጅ የለኝም!» ጣሪያው ሊነሣ ምንም አልቀረው። የመጨረሻ ቀን ነውና አንዴ ብቻ አልበቃቸውም፤ ወለሉን በእግራቸው እየመቱ ደገሙት። ወድደውት ነበር። ሊያከብሩት ነበር። ለእያንዳንዳቸው ያቺ ቃል ልጅነታቸው ነበረች። ዘልዬ ተነሣሁና እጄን እያወናጨፍኩ «ዝም በሉ! ስሙት! ዝም በሉ!» እያልኩ ጮኽኩ። አንዱ «መስኮትም ተነሣች!» አለ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ሦስተኛ ደገሙት።

ሲያባራ ሸራው ላይ ልጅቱ ዝናብ እየመታት መንገዱን ይዛ ትሄዳለች። በሩም፣ አባትየውም የሉም። ወንድሜ ግን ማይክራፎኑን አፉ ላይ አስጠግቶ እንደገና ሊላት ሞከረ። ሳል ያዘው። ሳሉን ሲጨርስ ድምፁ አልነበረም፤ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዕንባውን ያየ ሕዝብ የስንብት መስሎት ቆሞ አጨበጨበለት። ፊልም አጫዋቹም ነገሩ ሲገባው የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ ቀሪውን ሁሉ በዚያ በባዕድ ቋንቋ ሰማነው። ወዲያው የአዳራሹ በር ተከፈተ። ከውጭ በገባው ብርሃን የሚጡን ጀርባ አየሁ። ወንድሜም አየ።

የደረስኩባት መንገዱ ዳር ነው። እያለከለክኩ ክንዷን ያዝኳት።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁ» አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «አባዬ ብቻውን አልበቃ ብሎት ሰፈሩን በሙሉ አስከትሎ አባረረኝ።»

«እሱ አላለም! እነሱ ናቸው! እሱ እኮ ያለሽ፣ ያልሽው ልክ ነበር ነው! በሩ ክፍት ነው፣ ተመለሺ ነው ያለሽ!»

አየችኝ። አስተያየቷ እስከ ዛሬ ይከተለኛል። በፍርድ ቤት ሐሰተኛ ምስክር የሚታየው እንደዚያ ይመስለኛል። ሻርፑን ከአንገቷ ፈታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችውና፣ «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ፣ አክስቴ» አለችኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደች። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ፣ አንዲት እውነት ብናገር የሚያምነኝ ሰው ጠፋ።

ስመለስ አዳራሹ ባዶ ነበር። ወንድሜ ከነማይክራፎኑ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። «አልሰማችህም» አልኩት። «ጋሼ፣ በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ሰዉ ጮኾ አልሰማችህም።»

በሹክሹክታ፣ «ሰምታ ነው የሄደችው» አለኝ። «ማይኩ ክፍት ነበር። ተዪኝ፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ትቀጥፊያለሽ።»

ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ፊት ወንበር ላይ የነበረውን ልብስ ሰፊ ያዝኩት። «አንደበት በሩ ላይ ምን አለ?» «እንደ ሁልጊዜው ነዋ!» አለና እጁን ዘርግቶ ሊደግምልኝ ሲል አፉን በመዳፌ ከደንኩት። ሌሎችንም ጠየቅኩ። አንድም የሰማ የለም። ሁሉም ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ እንዴት ያለ ቀን ነበር ይሉኛል። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ። ማንን ልጥላ?

በነጋታው ማለዳ ሐኪም ቤት አስገባሁት። ሊወስዱት አልጋውን ሲገፉ እጄን ጨበጥ አደረገኝ እንጂ አልተናገረም። የመጨረሻ ቃሉን ምናልባት ለኔ ያደርገዋል ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር። አልሆነም።

ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ። ሲነቃ አንገቱ ላይ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ ቱቦ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀናት አሳለፈ። ነርሶቹ «ጭንቅላትዎን ይነቅንቁልን፣ ያምዎታል?» ሲሉት እንኳ አይመልስም። ሐኪሟ ቁስሉ እየዳነ ነው ትላለች። እኔ ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ የሚበላው ቁስሉ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሚጡ መጣች። ከፍርድ ቤት ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ነው የመጣችው። በር ላይ ሳመችኝና ቀስ ብላ፣ «ባለጉዳዩን ራሱን ሳልጠይቅ ፈረድኩ፣ አክስቴ» አለችኝ። «እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። አንቺ ግን ምንም አትናገሪ።» እሺ ብዬ መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። ሲዞር አያት። እንግዳ ያየ ያህል ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባዬ፣ እሑድ ዕለት ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው። «ሰዉ ጮኾ አልሰማሁህም።»

ወንድሜ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። ያኔ ገባው። ሰምታ ትታው እንዳልሄደች፣ እኔም አንዴ እውነት እንደተናገርኩ ገባው። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ነርሷ ልትከለክለው ስትመጣ በዓይኔ ገሠጽኳት። አፉን ከፈተና ተናገረ። ያለ ሸራ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ያለ ፊልም ነው የተናገረው። በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። ቅንድቡ ይነሣል፣ እጁ ይዘረጋል፣ ከንፈሩ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ እሑድ ካለውም በላይ ብዙ ነገር ነበረው። የሚሰማው ግን ከአንገቱ ቱቦ የሚወጣው አየር ብቻ ነው።

ሚጡ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፉ ላይ አስጠጋች። ከአፉ ትንፋሽ እንኳ አይወጣም ነበር። ጆሮዋ ላይ የወረደው ፀጉሯ አልተንቀሳቀሰም። እንደዚያ ጎንበስ እንዳለች ረጅም ጊዜ ቆየች፤ እሱም ይናገራል።

«አክስቴ» አለች ቀና ሳትል። «ምን እያለኝ ነው?»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። «ያልሽው ልክ ነበር ይላል። በሩ ክፍት ነው ይላል። አንድ ቀን ዘግቼው አላውቅም፣ ተመለሺ ይላል።» ወንድሜ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር፤ ዕንባው ጆሮዋ ላይ ይወርዳል።

«አምኜሻለሁ» አለች። ደረቱ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ እሱ ፀጉሯን ያሻሽላት ጀመር። ልክ እንደ ድሮው፣ ቃል እንደማይወጣው ጊዜ። ይሄኔ ነው የባሰባት። ፊቷን ወደኔ አዙራ፣ «በድምፁ እኮ ነው የፈለግኩት፣ አክስቴ» አለችኝ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በድምፁ።»

ለዚህች ልጅ የምነግራት ውሸት አጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አጣሁ።